ፍኖተ ሰላምን የሰጡኝ ሰው

ልጅ ሳለሁ ፍኖተ ሰላም የእኔ ነበረች። ቀልዴን አይደለም። በሽማግሌ ፊት፣ በካርታ ጨዋታ አሸንፌ የተሰጠችኝ ከተማ ናት። የሰጡኝም የማንኩሳው ገበሬ አያ ወልደ ገብርኤል ናቸው። እኚህን ሰው ለብዙ ዘመን የማስታውሳቸው ጨዋታ የማይችሉ፣ ተረት እንኳ የማይወጣላቸው፣ ጥርሷ የወላለቀ ልጅ በቀላሉ የረታቻቸው የዋህ ባላገር አድርጌ ነበር። ዛሬ ስማቸው ሲነሳ ከመቀመጫዬ ብድግ ማለት ያምረኛል።

ካርታውን ቤታችን ያመጣው የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ደረሰ ነው። ኮንጎ ዘምቶ ሲመለስ አንድ እግሩን እየጎተተ መጣና እኛው ዘንድ ቀረ። በረንዳችን ላይ የልብስ ስፌት መኪና ተክሎ ቀን ቀን ይሰፋል፣ አመሻሽ ላይ ያጫውተናል። ካርታውን ከአንድ የስዊድን ወታደር በበርበሬ ለውጦ ነው ያገኘው። ስዊድኑ በርበሬውን የቀመሰ ዕለት ካርታውን ሊያስመልስ ሲያሳድደው እንደዋለ ይምል ነበር፤ እውነት ይሁን ውሸት እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

ካርታው ጎዶሎ ስለነበር ለቁማር አይሆንም። ጋሼ ደረሰ ግን መላ አያጣምና የተረት መጫወቻ አደረገው። ካርታው ተደፍቶ ሰፌድ ላይ ይበተናል። ተራው የደረሰው አንዱን ያነሳና የተጀመረውን ተረት በዚያ ካርታ ይቀጥላል። ቀዩ ልብ ቤት ነው። ቀዩ ባለአራት ማዕዘን መሬት፣ ጥቁሩ ባለሦስት ቅጠል ከብት፣ ጥቁሩ ጦር ደግሞ መንገድ። አበባ የያዘችው ሴት ወይዘሮዋ ትባላለች። ዘውድ የደፋውን ሽማግሌ ግን ንጉሥ ብለን መጥራት ክልክል ነበር። “ንጉሡን ጣልኩት ስትሉ ሰው ቢሰማ ስፌት መኪናዬን ማን ሊጠብቅልኝ ነው?” ይል ነበር ጋሼ ደረሰ። ስለዚህ ሰውዬው ከነዘውዱ ጭቃ ሹም ሆነ።

ተረቱን መቀጠል ላቃተው ጋሼ ደረሰ ሦስት ጊዜ ያጨበጭባል። ሦስተኛው ከተጨበጨበ ተሸንፏል፤ ከእሱ በፊት ለተናገረው ሰው እንደ እንቆቅልሽ ጨዋታ አገር መስጠት አለበት። እኔ በዚህ መንገድ ጎንደርንም አንኮበርንም ገዝቻለሁ። ታላቅ ወንድሜ ክንዱ ሁልጊዜ ስለሚሸነፍ መስጫ አገር አልቆበት የማናውቃቸውን ቦታዎች ይፈጥር ነበር።

የንስሐ አባታችን ነገሩን ሰምተው ተቆጥተው መጡ። ካርታዎቹን አንድ በአንድ አገላብጠው ካዩ በኋላ ተቀምጠው ሲጫወቱ አመሹ። ሲነሱም “ገንዘብ እንዳይገባበት፤ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ እንዳትነኩት” ብለው ባርከውን ሄዱ።

የዚያን ዓመት ኅዳር ሲገባ ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር እንዳለ አውቄአለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ከተኛሁበት መደብ ሆኜ አባቴና እናቴ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲነጋገሩ እሰማለሁ።

“ገና ጥርሷን እኮ አልጨረሰችም፣ ገብረሰንበት” ትላለች እናቴ።

“እታለም፣ እኔስ አንጀት የለኝም? ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ብለው የለ አባቶቻችን።”

የወለዱት ይጥፋ ሲል አባቴ ቅዳሜ ገበያ መሃል እንዳልጠፋበት የሰጋ መሰለኝ። ስለዚህ ያን ሰሞን ገበያ ስንወጣ የእናቴን ቀሚስ ጨብጬ አልለቅም ብዬ አስቸገርኳት። እሷም ታቅፈኛለች። ደግ ሆና ነው እያልኩ እገረም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴና አያ ወልደ ገብርኤል በአንድ ጽዋ ማኅበር የሚጠጡ ወንድማማቾች ነበሩ። እኔ ገና በአንቀልባ ሳለሁ፣ ማኅበሩ ተሰብስቦ ጽዋው በመሃል ተቀምጦ፣ አባቴ ልጁን ለአያ ወልደ ገብርኤል ልጅ ለእንዳለው ሊድር ቃል ሰጥቷል። በጽዋ ፊት የሰጡትን ቃል የሚያጥፍ ሰው በዚያ አገር ፊቱን ይዞ ቤተ ክርስቲያን አይሳለምም። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ጎረቤቱ ሁሉ ልጁን በዚያ ዕድሜ ይድር ነበር፤ እሱ ደግሞ የገባበትን መውጫ አላወቀም። ቃሉን ሊመልስለት የሚችለው የተቀበለው ሰው ብቻ ነው፤ ያን ሰው ደግሞ መልስልኝ ብሎ መለመን ራሱ ነውር ነው። ያን ኅዳር ሽማግሌዎች ቤታችን የመጡት ሰርጉን ለጥር ሊቆርጡ ነበር።

እኔ ግን የመጡት ካርታውን ለማየት መሰለኝ። ለምን አይመስለኝ? የፍኖተ ሰላም ሰው ሁሉ እየመጣ ያየው የለ?

የኅዳር ሚካኤል ማግስት ነበር። እናቴ ፀጉሬን ሹሩባ ሠርታ ቅቤ ቀብታኝ፣ ጋሼ ደረሰ የሰፋልኝን ቀሚስ አልብሳኝ ጓዳ አስቀመጠችኝ። ፀሐይዋ ስትጠልቅ በበቅሎ ደረሱ። አያ ወልደ ገብርኤል ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ድምፃቸው ግን ቀጭን የሆነ ሰው ነበሩ። አብረዋቸው አለቃ ክንፈሚካኤል የተባሉ የደብር ሰው መጥተዋል። ጠላ ተቀዳ። ስለ ጤፉ አዝመራ ተወራ፣ ስለ በቅሎዎቹ ጤና ተወራ፤ በእኛ አገር ሽማግሌ ወደ ጉዳዩ የሚደርሰው አገሩን ሁሉ ዞሮ ነው። ደግሞ ጉዳዩ ከራት በፊት አይነሳም። የቅመሙ ሽታ ከወጡ ላይ ጓዳውን ሞልቶት እኔ ምራቄን እየዋጥኩ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ።

ጋሼ ደረሰ ሰፌዱን ይዞ ብቅ አለ። “ራቱ እስኪደርስ ለአፍ ማሟሻ ካርታ ብንጫወትስ?”

“ቁማር ነው?” አሉ አለቃ።

“ተረት ነው እንጂ፣ አለቃ። የንስሐ አባታችን አይተውታል።”

“እኔስ ስሰማ ከርሜ ነበር፤ እስቲ አምጣው” አሉ አያ ወልደ ገብርኤል፤ የሕፃን ዓይነት ሳቅ ሳቁ።

“አደይ! ነይ ውጪ፤ ያላንቺ አይደምቅም” ብሎ ጋሼ ደረሰ በስሜ ጠራኝ።

አባቴ ጋሼ ደረሰን ገላመጠው። ለካስ የምትታጭ ልጅ በሽማግሌ ፊት አትወጣም። እናቴ ልትይዘኝ እጇን ዘርግታ ነበር፤ መለስ አደረገችውና በዚያው እጇ ጀርባዬን ገፋ አደረገችኝ። እኔ ደግሞ ላሸንፍ እየተንደረደርኩ ወጣሁ።

ሰፌዱን ከበን ተቀመጥን። ጋሼ ደረሰ መጀመሪያ አነሳ፤ ወይዘሮዋ ወጣችለት። አስቀድሞ ደርድሮት ኖሯል መሰለኝ፤ ሳይሞት ብጠይቀው ሳቀብኝ።

“አንዲት ልጅ ነበረች” አለ። “ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ጨዋታ ትወዳለች፤ ፊደል ደግሞ በጆሮዋ ብቻ ከወንድሟ ሰምታ እስከ ‘ቀ’ ደርሳለች።”

ክንዱ ጥቁር ባለሦስት ቅጠል አነሳ። “ልጅቷ ላም ነበረቻት፤ ላሟም ትናገር ነበር። ምን ትናገር ነበር? እ… ራበኝ ትል ነበር።” አለቃ ክንፈሚካኤል ጠላቸው ትን እስኪላቸው ሳቁ።

የእኔ ተራ ደረሰ። ጥቁሩ ጦር ወጣልኝ፤ መንገድ ነው። መንገድ ከወጣ ከሰርግ ሌላ ምን አለ? እኔ ሰርግ እወዳለሁ። ባለፈው ዓመት የጎረቤታችንን ልጅ በበቅሎ ሲወስዷት እስከ ወንዙ ድረስ እየጨፈርኩ ተከትያት ነበር። ስለዚህ ያየሁትን ሁሉ አፈሰስኩት።

“ልጅቷን ሊድሯት በበቅሎ ጫኗት! ጃንጥላ ተያዘላት። ሚዜው ከኋላዋ ደግፏታል፣ እንዳትወድቅ። ከረሜላ ሰጧት። ወንዙን ተሻገሩ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳት። ከረሜላዋም ከእጇ ወደቀ፤ ማንም አላነሳላትም። አማቾቿ ቤት ሲደርሱ ተሸክመው አወረዷት። ስትነቃ አየችና ‘እማዬስ የት አለች?’ አለች። በቃ! የእርስዎ ተራ ነው፣ አያ ወልደ ገብርኤል።”

አያ ወልደ ገብርኤል እየሳቁ አነሱ። ቀዩ ልብ ነው፤ ቤት። ከዚህ የቀለለ ካርታ የለም። ቤቱ ትልቅ ነበር፣ በርጩማ ነበረበት፣ ዶሮ ነበረበት ማለት ይበቃል። እሳቸው ግን ካርታውን ወደ ፋኖሱ አስጠግተው ያዩታል። ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። አፋቸውን ከፈት አድርገው መልሰው ገጠሙት።

ጋሼ ደረሰ አንድ ጊዜ አጨበጨበ። ጠበቀና ሁለተኛውን አጨበጨበ። ከዚያ ፊታቸውን አየና እጁን አወረደ። አባቴ ወደ መሬት ያይ ነበር። እንዴት ቀላል ካርታ ያቅታቸዋል ብዬ በጣም አዘንኩላቸው። ሕግ ግን ሕግ ነው፤ ሦስተኛውን እኔው አጨበጨብኩ።

“ተሸነፉ! አገር ይስጡኝ!”

“አገር?” አሉ፣ ከሩቅ እንደተጠራ ሰው።

“አዎ፣ አገር።”

“ማንኩሳን ሰጠሁሽ።”

“አልፈልግም። ማንኩሳ እማዬ የለችበትም።”

አለቃ ክንፈሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አያ ወልደ ገብርኤል ድምፃቸው ይበልጥ ቀጠነ። “ቡሬን ልስጥሽ?”

“ቡሬ ሩቅ ነው።”

“ታዲያ የትኛውን ትፈልጊያለሽ፣ ልጄ?”

“ፍኖተ ሰላምን።”

“የራስሽን አገር?”

“እዚሁ ነዋ የምኖረው!”

እሳቸውም ካርታውን ሰፌዱ ላይ በቀስታ አስቀምጠው “ፍኖተ ሰላምን ሰጠሁሽ” አሉ።

እኔም ወጉን አላጓደልኩም፤ ብድግ ብዬ “ፍኖተ ሰላም ገብቼ ምን አጥቼ! ወተቱን ጠጥቼ፣ እሸቱን ጠብሼ፣ ተረት የማያውቁትን አያ ወልደ ገብርኤልን ጥጃ አስጠብቄ!” አልኩ። ክንዱ ብቻ ሳቀ።

አያ ወልደ ገብርኤል ወደ አባቴ ዞሩ። “ገብረሰንበት፣ ሰምተሃል። ልጅህ አገር ጠየቀችኝ፤ በሽማግሌ ፊት ሰጠኋት። ከሰጠኋት አገር መልሼ ላወጣት አልችልም። አንተ ቃልህን አላጠፍክም። እኔ ነኝ ሌላ ቃል የሰጠሁ።”

“ወልደ ገብርኤል፣ ምን ነካህ!” አሉ አለቃ ክንፈሚካኤል። “በጽዋ የተባለ ነገር በሕፃን ጨዋታ ይፈርሳል?”

“ስትጫወትም ስንድራትም ያችው ሕፃን ናት፣ አለቃ።”

አባቴ ተነስቶ ጉልበታቸውን ሊስም ሲያጎነብስ ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉት። ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች እንደዚያ ተያይዘው ቆመው ቀሩ። ተረት መሸነፍ እንዲህ ያስለቅሳል እንዴ፣ አልኩ በልቤ። ጓዳ ስገባ እናቴ ጎድኔ እስኪያመኝ ጨመቀችኝ። በማሸነፌ የተደሰተች መስሎኝ “ነገም አሸንፋለሁ፣ እማ” አልኳት።

በማግስቱ ከተማዬን ልጎበኝ ወጣሁ። ዘሩ የሚባል ባለሱቅ ደጁ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ አይቼ “ይጠረግ” አልኩት። “ማን ያዘዘው?” አለኝ። የተሰጠኝን አገር ነገርኩት። ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ኖሮ ትክ ብሎ አየኝና “እሺ፣ እመቤቴ” ብሎ መጥረጊያ አነሳ። ሴቶች መንገድ ላይ እያስቆሙ ግንባሬን ይስሙኝ ነበር። ለገዢያቸው የሚገባኝን ክብር የሰጡኝ መሰለኝ እንጂ ከምን እንደተረፍኩ አውቀው እንደሆነ በየት ልወቅ!

በዚያው ሳምንት ጋሼ ደረሰ እጄን ይዞ ትምህርት ቤት ወሰደኝ። ትምህርት ከተጀመረ ቆይቷል። እሱ ግን መምህሩን እንዴት እንዳግባባ እንጃ፣ የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ከተማዬ ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት ስለሆነ ማየት ይገባኛል ብዬ ገባሁ፤ ሳልወጣ ቀረሁ። ያን ደጅ ከረገጥኩ ጀምሮ ያገኘሁት ነገር ሁሉ፣ የቡሬው የሒሳብ መምህርነቴ፣ ወድጄ ያገባሁት ባሌ፣ በዕድሜዬ የወለድኳቸው ልጆቼ፣ ሁሉም የዚያች ምሽት ትርፍ ነው።

እውነቱን እናቴ የነገረችኝ መምህር ሆኜ የተመረቅሁ ዕለት ነው። ስለ ጽዋው ቃል፣ ስለ ጥር ሰርግ፣ ስለ ሁሉም። “አያ ወልደ ገብርኤል አውቀው ነው የተሸነፉልሽ” አለችኝ። “የአባትሽን ክብር ሳይነኩ ሊመልሱሽ። ዘመዶቻቸው በልጅ አፍ የተፈታ ሽማግሌ እያሉ ስንት ዘመን ዘብተውባቸዋል።” ጥጃ አስጠብቄ ያልኩት ትዝ ሲለኝ መግቢያ አጣሁ። ከዚያ ወዲያ በጸሎቴ ስማቸውን ሳልጠራ አላድርም። ደግ ሰው ብልሃት ፈጥሮ አዳነኝ እያልኩ፣ ፀጉሬ መሸበት እስኪጀምር ድረስ እንዲህ ነበር የማምነው።

እናቴ ልታርፍ ስትል “በሕይወት ሳሉ ሄደሽ በአፍሽ አመስግኚያቸው” አለችኝ። ተዝካሯን ካወጣሁ በኋላ ጥሩ ጋቢ ይዤ ማንኩሳ ሄድኩ።

በር ላይ የተቀበለኝ እንዳለው ነው፤ ያ ልዳርለት የነበረው። ማን መሆኔን ስነግረው ወደ ውስጥ ዞሮ “ወለተ ሐና! ነይ እይ፣ እጮኛዬ መጣች!” ብሎ ጮኸ። ሚስቱ ዱቄት የነካው እጇን እያራገፈች ወጣችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ። “ምነው ዘገየሽ፣ እቴ? ዛሬም ብትወስጅው አልከለክልሽም” አለችኝ። ሦስታችንም ሳቅን፤ እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። ደግ ሰዎች ነበሩ።

አያ ወልደ ገብርኤል ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰፊው ትከሻቸው ኮስምኗል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ጉልበታቸውን ስሜ ጋቢውን አለበስኳቸውና ስንት ዓመት ያጠራቀምኩትን ምስጋና አወረድኩት። “ለእኔ ብለው አውቀው መሸነፍዎን፣ እናቴ ነግራኛለች” አልኳቸው።

ጋቢውን በጣታቸው እየዳሰሱ ቆዩ። “እናትሽ ደግ አስባልኛለች” አሉ። “እኔ ግን አውቄ አልተሸነፍኩም፣ ልጄ።”

“እንዴት?”

“እንዳለው ታላቅ እህት ነበረችው፤ ንግሥቴ። በዚያ ባንቺ ዕድሜ ከቡሬ ወዲያ ዳርኳት። በቅሎዋ ላይ ያወጣኋት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ። በሰባተኛው ቀን ለመልስ ስትመጣ ‘አባ፣ ስነቃ እማን አጣኋት’ አለችኝ። ይለመዳል ብዬ መልሼ ሰደድኳት። ገና አጥንቷ ሳይጠና አረገዘች። ምጡ ሦስት ቀን ያዛት።” ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። “በቃሬዛ ነው ተሸክሜ ያመጣኋት። አንቺ ቤት ስመጣ ከተቀበረች ዓመት አልሞላትም ነበር። ወግ ነው ብዬ፣ ለወንዱም ልጄ እንዲሁ ላደርግ ነው የመጣሁት። ያን ለት አንቺ ተረቱን ስትቀጥዪ ‘እማዬስ የት አለች’ አልሽ። ከዚያ ያ ካርታ ወጣልኝ። ቤቱ ምን ነበረበት ብዬ ልንገራችሁ? ያ ቤት ምን እንደነበረበት አውቅ ነበር። አፌ ተያዘ።”

እጃቸውን ያዝኩ።

“አገር ስጠኝ ስትዪኝ ንግሥቴ የጠየቀችኝ መሰለኝ” አሉ። “ስለዚህ ምስጋናውን ለእኔ አታድርጊው። እንዳለው ያሳይሻል።”

እንዳለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወሰደኝ። ከቅጥሩ ውስጥ፣ ከአንድ የወይራ ዛፍ ሥር፣ ሣር የሸፈነው አጭር የድንጋይ ክምር አሳየኝና ብቻዬን ትቶኝ ወደ ደጀ ሰላሙ ራቅ አለ። ክምሩ የትልቅ ሰው አልነበረም። በሕይወት ብትኖር በዕድሜ ትበልጠኝ ነበር፤ እዚያ ስቆም ግን ከልጆቼ ሁሉ ታንስብኝ ነበር። ጫማዬን አውልቄ ተንበረከክሁና “እግዜር ይስጥልኝ፣ ንግሥቴ” አልኳት።